ወለል የሌለው ቤት፦ ከታከር እስከ ሐዋሳ

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላል ያገራችን ሰው። ውድ አንባቢያን ሆይ፣ ይህ ተረት ዛሬ ለጠላት አልተተረተም፤ ለእኛው ነው። በስደት ዓለም የምንኖር ጸሐፍትና የፖለቲካ ሰዎች ብዕራችንን ባነሣን ቁጥር ውቅያኖስ ተሻግረን የአዲስ አበባን ቤተ መንግሥት እንወቅሳለን። መውቀሳችን ተገቢ ነው፤ ወደፊትም አናቆምም። ይሁን እንጂ ከአፍንጫችን ሥር ያለውን ግፍ አይቶ እንዳላዩ ማለፍን ልማድ ካደረግን ቆየን። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን የሚነሣው ከአንድ ወጥ ቤት ነው፤ መድረሻው ግን ሐዋሳና አዲስ አበባ ነው። ዓመታቱን፣ የኢትዮጵያ ናቸው ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

አገር ቤት ላላችሁ ወገኖቻችን፦ ታከር ከአትላንታ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ፣ ከስደተኞቹ ከተማ ከክላርክስተን ጋር የምትጎራበት ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የሐበሻ ሱቅ፣ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን እንደ ልብ ነው። ከምግብ ቤቶቹ የአንዱ ባለቤት ወዳጃችን ነው። ሰላማዊ ሰልፍ ሲጠራ ቀድሞ የሚገኝ፣ ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ የሚጮኽ፣ ለትግሉ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ምሽት አንድ ፎቶግራፍ በ1,000 ዶላር ተጫርቶ አዳራሹን በጭብጨባ የሚያናውጥ ሰው ነው። እኛም በዚህ ሰው ማዕድ ለዓመታት በልተናል። «ለጋዜጠኛ ሒሳብ የለም» እያለን፣ እኛም እየሣቅን።

ባለፈው ጊዜ ታዲያ እዚያው ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት እኅታችን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠብቃ ስልኳን ሰጠችን። ከማቀዝቀዣው አጠገብ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ፎቶ አንሥታዋለች። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ። እዚህ ላይ 7 ከ25 የሚል ቁጥር አይቻለሁ። ጌቶች ደግሞ የጆርጂያ ሕግ 5 ከ15 ነው ይሉኛል። እኔ የማገኘው ከሁለቱም አይደርስም። የትኛው ነው እውነቱ?»

በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ትሠራለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ማታ ወለሉን ትወለውላለች። የቀን ክፍያዋ 45 ዶላር ነው፤ በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ። ሲሰላ በሰዓት 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ወጥ ቤት ነችና ቲፕ የሚባል ነገር አያውቃትም። የጥገኝነት ማመልከቻዋ ገና ውሳኔ አላገኘም። «ወረቀትሽ እስኪያልቅ ባንነካካው ይሻላል» ብሏታል ወዳጃችን።

ትልቅ ጥያቄ ነው የጠየቀችን። ሦስት ሳምንት ዝም አልን። ስለ ነጻ ፕሬስ ስንሰብክ የኖርን፣ ለእውነት ስንል ተሰደድን የምንል ሰዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ለአንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ የግድግዳ ማስታወቂያ ለማንበብ ፈራን። ይህን ኀፍረታችንን እዚህ ላይ የምናሰፍረው ንስሐ ይሆነን ዘንድ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ ጋር ያፈሩ ወይም ማፈር የሚገባቸው ብዙዎች እንዳሉ ስለምናውቅ ነው።

አሁን መልሱን እንስጥ።

የጆርጂያ ግዛት የሠራተኛ ክፍያ ሕግ ዛሬም በሰዓት 5 ዶላር ከ15 ሳንቲም ይላል። ወዳጃችን በዚህ አልዋሸም። ይህ ቁጥር የፌዴራሉ መንግሥት ከ1997 እስከ 2007 የተጠቀመበት ወለል ነው፤ ዋሺንግተን ትታው ስትሄድ ጆርጂያ እዚያው ቀረች። ሕጉ ከዚህም የባሰ ነው፤ ማንን እንደማይመለከት ሲዘረዝር አምስትና ከዚያ በታች ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ በዓመት ከ40,000 ዶላር የማይበልጥ የሚሸጥ ቀጣሪ፣ የቤት ሠራተኛ፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ጋዜጣ አዳይ ሳይቀር ከጥበቃው ያወጣል። በዚህ ላይ የአትላንታ ከተማም ሆነ የዲካልብ ካውንቲ ልግዛ ቢል እንኳ በግል ቀጣሪዎች ላይ ከግዛቱ የበለጠ ወለል መደንገግ አይችልም፤ የግዛቱ ሕግ ይከለክላል።

ነገር ግን ከግዛቱ ሕግ በላይ የፌዴራሉ ሕግ አለ። እርሱም ከሐምሌ 24 ቀን 2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በዓመት ከ500,000 ዶላር ያላነሰ የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃል፤ ወዳጃችን ደግሞ ሽያጩ ከዚያ በእጅጉ እንደሚበልጥ በየግብዣው ሲኩራራ በጆሯችን ሰምተናል። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራው ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ መክፈል ግድ ነው። ስለዚህ እኅታችን በሳምንት ማግኘት የሚገባት ለ40ው ሰዓት 290፣ ለተረፈው 20 ሰዓት 217 ከ50፣ በድምሩ 507 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። የተከፈላት 270 ነው። ልዩነቱ በሳምንት 237 ከ50፤ በሠራችበት አንድ ዓመት 12,350 ዶላር። አዳራሹ ያጨበጨበለት የ1,000 ዶላር ፎቶግራፍ ከማን ኪስ እንደወጣ አሁን ገባችሁ?

እዚህ ላይ ስለ አሜሪካ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ያው እጅ፣ ያው እንጀራ፣ ያው ምጣድ፣ የግዛት ድንበር በተሻገረ ቁጥር ዋጋው ይለዋወጣል። በ2025 የዋሺንግተን ዲሲ ወለል ከሐምሌ ወር ጀምሮ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆኗል፤ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ 12 ከ41፣ ሜሪላንድ 15፣ ሲያትል ከተማ 20 ከ76። እኅታችን ለ10 ሰዓት ድካሟ ዲሲ ብትሆን 179 ዶላር ከ50፣ አሌክሳንድሪያ ብትሆን 124 ከ10፣ ታከር ላይ ሕጉ ቢከበርላት 72 ከ50 ይከፈላት ነበር። ቲፕ ተቀባይ አስተናጋጅ ብትሆን ልዩነቱ ይብሳል፤ የፌዴራሉ ሕግ ለአስተናጋጅ ያስቀመጠው የቀጣሪ ድርሻ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሲሆን ከ1991 ወዲህ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረበትም። ቲፑ ተደምሮ 7 ከ25 ካልሞላ ቀጣሪው እንዲሞላ፣ ባለቤቱም ከሠራተኛው ቲፕ እንዳይነካ ሕጉ ያዛል። በየቤታችን ይህ ይከበራል የሚል ካለ እጁን ያውጣ!

«አትላንታ ኑሮ ርካሽ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። የቤት ኪራይ ከዲሲ ይቀንስ ይሆናል። ታዲያ መኪናው፣ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ዌስተርን ዩኒየን የሚበላው በግማሽ ይቀንሳል? ለእናቷ የምትልከው ጤፍ መግዣ ጆርጂያ ስለሆነች ይረክሳል?

ሌላው መልስ «ወለሉ ከፍ ካለ ትንንሽ ነጋዴ ይዘጋል፣ ሥራ ይጠፋል» የሚል ነው። ይህ በቁም ነገር ሊመለስ የሚገባው ክርክር ነው። በ1992 ኒው ጀርሲ ወለሉን ከ4 ከ25 ወደ 5 ከ05 ስታሳድግ ጎረቤቷ ፔንሲልቬኒያ ባለችበት ቆመች። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የተባሉ ምሁራን በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን የፈጣን ምግብ ቤቶች አወዳድረው፣ ወለሉ ባደገበት በኩል ሥራ መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳላገኙ በ1994 ጻፉ። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። በሌላ ወገን የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት ሲያትል ላይ ዝቅተኛ ተከፋዮች የሥራ ሰዓት እንደተቀነሰባቸው ጽፈዋል። ክርክሩ አልተዘጋም፤ እኛም አልተዘጋም እንላለን። ግን ልብ በሉ፤ ምሁራኑ የሚከራከሩት ወለሉ ምን ያህል ከፍ ይበል በሚለው ላይ ነው። በሰዓት 4 ከ50 ይከፈል ብሎ የተከራከረ ምሁር አልሰማንም። እርሱ የኢኮኖሚ ክርክር አይደለም፤ ስሙ ሌላ ነው።

ታዲያ የዲሲ እጅ ከታከር እጅ በምን በለጠ? በምንም። የበለጠው ድምፅ ነው። በሲያትል አየር ማረፊያ አጠገብ ባለችው በሲታክ ከተማ በ2013 የ15 ዶላር ወለል ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ በ77 ድምፅ ብልጫ ነው ያለፈው። ከአየር ማረፊያው ሠራተኞች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ሻንጣ ጫኞች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ ወንበር ገፊዎች። 77 ድምፅ ማለት የአንድ ሠርግ ታዳሚ እንኳ አይሞላም! ጎረቤታችን ፍሎሪዳ ደግሞ በ2020 ዶናልድ ትራምፕን በመረጠችበት በዚያው ቀን፣ ከ60 በመቶ በሚበልጥ ድምፅ ወለሉ በየዓመቱ እያደገ በ2026 15 ዶላር እንዲደርስ ወሰነች። «ደቡቡ ወግ አጥባቂ ነው፣ አይሆንም» የሚሉን ይህን ይመልሱ።

ጆርጂያ ውስጥ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ሕግ ለሕዝበ ውሳኔ የሚያቀርቡበት መንገድ የለም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የግዛቱ ምክር ቤት። የሁለቱም ምክር ቤቶች አባላት በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። ከመካከላችን የአዲስ አበባን ካቢኔ በስም የማያውቅ የለም፤ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ እያልን ሌሊቱን እናነጋለን። በጆርጂያ ምክር ቤት ታከርን የሚወክሉትን ሰዎች ስም የምታውቁ ግን ስንት ናችሁ? ዜግነት የወሰድን፣ የመምረጫ ካርድ በኪሳችን የያዝን ሰዎች ነን። በጥር 2021 በጆርጂያ በተደረገው የማጣሪያ ምርጫ ተሰልፈን መርጠናል፤ የተመረጡት ሁለቱ ሴናተሮችም በዚያው ዓመት መጋቢት 5 ቀን የ15 ዶላሩን ሐሳብ ደግፈው ድምፅ ሰጡ። ሐሳቡ 42 ለ58 ወደቀ። ከዚያ በኋላ ከእኛ ስንቱ ጠየቀ? ስንቱስ መውደቁን ሰማ?

አትላንታ ለዚህ ትግል እንግዳ አይደለችም። በሐምሌ 1881፣ ባርነት ካበቃ 16 ዓመት ብቻ ሲሆነው፣ 20 የሚሆኑ ጥቁር ልብስ አጣቢ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ለእጥበት ወጥ የሆነ ዋጋ ጠየቁ፤ ለ12 ፓውንድ ልብስ 1 ዶላር። በሦስት ሳምንት ውስጥ 3,000 ሆኑ። የከተማው ሹማምንት 25 ዶላር የፈቃድ ክፍያ እንጥልባቸዋለን ብለው ሲያስፈራሩ ሴቶቹ እንከፍላለን፣ ዋጋችንን ግን እኛ እንወስናለን አሉ። ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች ነበሩባቸው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነብላቸው ዘንድ የለመኑት ጋዜጠኛ ግን አልነበረም።

በ1938 የፌዴራሉ ሕግ በ25 ሳንቲም ሲጀመር የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ከውጭ አስቀረ። በደቡቡ ግዛቶች በእነዚህ ሥራዎች የሚደክመው ጥቁሩ ሕዝብ ነበርና የደቡቡ እንደራሴዎች የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። የእርሻ ሠራተኛ እስከ 1966፣ የቤት ሠራተኛ እስከ 1974 ጠበቀ። የአትላንታው ልጅ ማርቲን ሉተር ኪንግ በነሐሴ 1963 ዋሺንግተን ላይ ንግግር ያደረገበት ታላቅ ሰልፍ ከነጻነት ጋር ሥራንም የጠየቀ ነበር፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ የ2 ዶላር የደመወዝ ወለል ነው። እኛ የምንኖርባትን አትላንታ የከፈቱልን እነዚህ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ የተነጠቀችውን ቦታ ዛሬ በራሳችን ወጥ ቤት ውስጥ ለራሳችን እኅት እንደገና ሠርተን ሰጠናት።

አሁን ውቅያኖሱን እንሻገር።

ኢትዮጵያም ፌዴሬሽን ነኝ ትላለች። አሜሪካ ውስጥ ፌዴራሉ ወለሉን ያነጥፋል፣ ግዛቱ ከፍ ያደርጋል። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ የፌዴራሉ ምክር ቤት ሥልጣን ሆኖ ሳለ፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ወለሉን ማንም አላነጠፈም። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 55 ላይ መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚወከሉበት፣ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል በጥናት እየከለሰ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም፣ ዝርዝሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወጣ ይናገራል። 2012 አለፈ፤ 2013 አለፈ፤ 2017 አለቀ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በተደጋጋሚ ጮኸ፤ ወለሉ ግን አልተነጠፈም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የቤት ሠራተኛዋማ ከዚህም ውጭ ናት፤ አዋጁ አይመለከታትም፣ የእርሷ ጉዳይ በሌላ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ተትቷል። ጆርጂያና አዲስ አበባ በምን ይለያያሉ ብትሉን፣ በዚህ አንድ ነገር አይለያዩም እንላለን።

መንግሥት ቁጥር ማውጣት ስለማይችል ነው እንዳንል፣ ለራሱ ሠራተኞች በመስከረም 2018 ዓ.ም. ዝቅተኛውን 6,000 ብር አድርጎ አውጥቷል፤ በወቅቱ ምንዛሪ 50 ዶላር አይሞላም፣ ግን ቁጥር ነው። ግብር ለመሰብሰብም ቁጥር አልቸገረውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በወር ከ600 ብር በላይ የሚያገኝ ሁሉ ግብር ይክፈል አለ፤ እስከ 2017 ዓ.ም. ሐምሌ ድረስም በዚያው ጸና፣ ከዚያ 2,000 ብር ሆነ። ከድሃው ላይ መውሰድ ከየት እንደሚጀመር እስከ ብሩ የሚያውቅ መንግሥት፣ ለድሃው መክፈል ከየት እንደሚጀመር ሲጠየቅ «ጥናት ላይ ነው» ይላል።

ሐዋሳን ተመልከቱ። በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የዓለም ታላላቅ የልብስ ኩባንያዎችን የሳበው በርካሽ ጉልበት ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል በ2019 ባወጣው ዘገባ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጠ። በጊዜው 750 ብር ገደማ ማለት ነው። ከዚያችው ላይ ከ600 በላይ ያለችው 150 ብር በ10 በመቶ ግብር ትቀነስ ነበር፤ 15 ብር። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡት ልጃገረዶች አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ኖሩ። ብዙዎቹም አልቆዩም፤ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ማስለመድና መልሶ ማጣት ዋና ችግራቸው ሆነ።

የአገዛዙ ምክንያት ከወዳጃችን ምክንያት ጋር አንድ ነው፤ «ወለል ካበጀን ባለሀብቱ ይሸሻል»። እሺ፣ ወለል አልተበጀም። ባለሀብቱ ቀረ? በኅዳር 2020 ጦርነት ተነሣ፤ በኅዳር 2021 ፒቪኤች የተባለው ትልቅ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ጥር 1 ቀን 2022 አሜሪካ የአጎዋን ከቀረጥ ነጻ ዕድል አገደች። ባለሀብቱን ያሸሸው የሠራተኛዋ እንጀራ ሳይሆን የገዢዎች ጦርነት ነው። እርሷ ግን 26 ዶላሯንም አጣች።

ውድ ወገኖቻችን፣ የምንለው አንድ ነው። የደመወዝ ወለል ከሰማይ አይወርድም፣ ገበያም አያነጥፈውም፤ የሚነጠፈው ሠራተኛው ሲደራጅና ድምፁ ሲቈጠር ነው። ለሐዋሳዋ ልጅ እንጮኻለን ብለን የታከሯን ልጅ ከወለል በታች ካስቀመጥን ጩኸታችን ከንቱ ነው፤ አገር ቤት ያለውም ካድሬ ይህን ቢያውቅ ይሥቅብናል፣ መሣቁም ትክክል ነው።

ስለዚህ፦ የምግብ ቤት፣ የሱቅ፣ የመኪና ማቆሚያና የጽዳት ድርጅት ያላችሁ ወገኖች ዛሬውኑ ሒሳባችሁን ክፈቱ፤ ያልከፈላችሁትን ክፈሉ። ለትግሉ የምታዋጡት ገንዘብ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የገንዘብ ማሰባሰቢያ የምታዘጋጁ ወንድሞችም፣ ጨረታውን ከመክፈታችሁ በፊት ወጥ ቤቱን ጎብኙ። ሠራተኞች ሆይ፣ የፌዴራሉ ሕግ ወረቀት ያለውንም የሌለውንም ይጠብቃል፤ አቤት ስላለ ሠራተኛን ማባረርም ሆነ ማስፈራራት ክልክል ነው። ነገር ግን ጊዜ አለው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው ወደ ኋላ እስከ ሁለት ዓመት፣ ቀጣሪው ሆን ብሎ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ነው። ሰዓታችሁን በደብተር መዝግቡ። መራጮች ሆይ፣ የጆርጂያ ምክር ቤት በየጥር ወር ሥራ ይጀምራል፤ ተወካያችሁን ስሙን እወቁ፣ 5 ከ15ን ለምን እንዳስቀመጠ ጠይቁት። አገር ቤት ያላችሁም የአንቀጽ 55ን ቦርድ በስሙ እየጠራችሁ ጠይቁ።

ወዳጃችንን ሄደን አነጋገርነው። «አንተም ተነሣህብኝ?» አለን፤ ቡና ሳይጠራልን ይህ የመጀመሪያው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የእኅታችንን ክፍያ 7 ከ25 አደረገው፤ ለትርፍ ሰዓቱ ግን እስካሁን አልመለሰልንም፤ ስለ ኋላው 12,350 ዶላርም «ይቅር እንባባል» ብሏል። ይቅርታው የእርሷ እንጂ የእኛ አይደለም። እርሷ ገና እያሰበችበት ነው። እኛ ማስታወቂያውን ወደ አማርኛ ተርጉመን ሰጥተናታል፤ ከእንግሊዝኛው አጠገብ ለጥፋዋለች አሉ።

ቸር ወሬ ያሰማን።
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!